ጉንጩ የቀላው ጅብ

ዛሬ ጠዋት ያንን የሕፃናት ፕላስተር ካርቶን ስከፍተው መጀመሪያ አፍንጫዬን የመታኝ የማጣበቂያው ሽታ ነው። አንቺ አብረሽኝ መደርደሪያውን እየሞላሽ «እንዴ! ድመት የተሳለበት ፕላስተር ማን ይገዛል?» ብለሽ ስትስቂ ዝም ያልኩሽ ተከፍቼ አልነበረም። ያ ጎማ ጎማ የሚል፣ ትንሽ የሚኮመጥጥ ሽታ ድንገት ይዞኝ ሄዶ ነው። ከዚህ ከሰንጋ ተራ መድኃኒት ቤታችን ነቅሎ ቂርቆስ፣ ያደግኩበት ግቢ፣ በራችን ላይ ካለችው የእንጨት አግዳሚ ላይ አስቀመጠኝ። ወንድሜ በጉልበቶቼ መሃል ቆሟል። የከሰዓት ፀሐይ በቆርቆሮው አጥር ቀዳዳ እየሾለከች ፊቱ ላይ ትንንሽ ሳንቲም የሚያካክሉ ብርሃኖች ትበትናለች። እኔ ከቀኝ ዓይኑ ላይ ፕላስተር እልጣለሁ፤ እሱ ትንፋሹን ይይዛል።

ከመጀመሪያው ልንገርሽ።

ያኔ ስምንተኛ ክፍል ነበርኩ። ወንድሜ ስድስት ዓመቱ ነው፤ አንደኛ ክፍል ገብቷል። እናታችን ካዛንቺስ አንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ትሠራ ነበር። አባታችን የመንግሥት ሾፌር ስለነበር አብዛኛውን ወር መስክ ነው። ወንድሜ ሲያነብ አንገቱን ወደ አንድ ወገን እንደሚያዘነብል ያየችው የክፍል አስተማሪው ናት። እናቴ የዓይን ሐኪም ዘንድ ወሰደችው፤ እኔም አብሬ ሄድኩ። ሐኪሙ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ሽማግሌ ነበሩ።

«ግራዋ ዓይን ሰንፋለች» አሉ። «በሽታ አይደለም፤ አንጎሉ ነው እሷን መጠቀም የተወው። ስለዚህ ደህናዋን እንሸፍናታለን፤ ሰነፏ ተገዳ ትሠራለች።»

ምሳ ከበላ በኋላ እስኪመሽ ድረስ፣ በየቀኑ። ሰባት ስምንት ዓመት ካለፈው ግን መመለሱ እየከበደ ይሄዳል አሉ። እናቴ ቀበቶ እንደሚያጠብቅ ሰው ነጠላዋን ሰብሰብ አድርጋ «እናደርጋለን ዶክተር» አለች።

ማድረጉ ግን እንደ መናገሩ አልሆነም። ጎዝ አጥፈን በፕላስተር እንለጥፍለታለን። ደህናዋ ዓይን ስትሸፈን ወንድሜ የሚያየው በጉም ውስጥ ነው፤ ደረጃ ይስታል፣ ኳስ በአጠገቡ ታልፈዋለች፣ የተሰጣ ልብስ ውስጥ ገብቶ ይጠላለፋል። የሰፈር ልጆች በሁለተኛው ቀን ስም አወጡለት፤ «አንድ መብራት»። የፊት መብራቷ አንዱ የተቃጠለ መኪና ማለታቸው ነው። ከልጆቹ ይልቅ የሚብሰው ግን የትልልቆቹ ነበር። ወደ ሱቅ ስንወርድ ሴቶቹ ከንፈራቸውን ይመጣሉ። «ውይ፣ ሲያሳዝን! ምን ሆኖ ነው በዚህ ዕድሜው?» ወንድሜ ከቀሚሴ ኋላ ይገባል። ቤት ስንደርስ ጥርሱን ነክሶ «እኔ አላሳዝንም» ይላል።

እናቴ ከሥራ እስክትመለስ ጠባቂው እኔ ነበርኩ። ሁለት ሳምንት ያህል ጠበቅኩት። ያለቅሳል፣ ይለምነኛል፣ ፕላስተሩን በጥፍሩ ይቧጥጠዋል። ጎረቤት ቤት ደግሞ ከሰዓት በኋላ ተከታታይ ድራማ ይታያል፤ የክፍሌ ልጆች ሁሉ ስለሱ ነው የሚያወሩት። አንድ ቀን «በቃ ላውልቅልህ፤ ግን ለእማዬ እንዳትናገር» አልኩት። አንገቴ ላይ ተጠምጥሞ ሳመኝ። ከዚያ በኋላ በየቀኑ እንደዚያው ሆነ። እሱ ኳሱን ይጫወታል፣ እኔ ድራማዬን አያለሁ። አሥራ አንድ ተኩል ላይ፣ የእናቴ ሰርቪስ ሳይደርስ፣ አዲስ ጎዝ አጥፌ እለጥፍለታለሁ። እናቴ ገብታ ግንባሩን ትስመዋለች፤ «ጎበዝ የኔ አንበሳ!»። እኔን ደግሞ «አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጠኝ ነበር» ትለኛለች። መጀመሪያ ሰሞን ያቺ ቃል ትወጋኝ ነበር። በኋላ ለመድኳት።

በዚያው ዓመት ትምህርት ቤታችን አንዲት ጃፓናዊት በጎ ፈቃደኛ መጥታ ነበር፤ ሳይንስ ልታስተምርና አቧራ የበላውን ቤተ ሙከራ ልታደራጅ። ካዛንቺስ አንድ ግቢ ውስጥ ክፍል ተከራይታ ትኖራለች። «ጃፓኗ ቲቸር» ነበር የምንላት። ሠላሳ ዓመት ገደማ ይሆናታል፤ አማርኛ ተምራ ነው የመጣችው፣ ግን ወንዱንም ሴቱንም «አንቺ» ነው የምትለው። በዱላው የምንፈራውን ዩኒት ሊደር እንኳ «አንቺ ደህና አደርሽ?» ብላው ሰልፉ በሙሉ በሳቅ ሊሞት ነበር።

ከአማርኛዋ ይበልጥ የሚያስቀን ዕቃዋ ነው። መሀረቧ ላይ የተኛች ጥንቸል አለች። እስክሪብቶዋ ጫፍ ላይ እንቁራሪት ተቀምጧል። የምሳ ዕቃዋ ክዳን ዓይንና ጉንጭ አለው። ስልኳ ላይ አውራ ጣት የምታክል ጫጩት ታንጠለጥላለች። ከኋላ የሚቀመጡት ልጆች «ይቺ ሴትዮ ሙድ አላት፤ ሕፃን ናት እንዴ?» ይሉ ነበር። እኔም ሕፃን ትመስለኝ ነበር። አንድ ቀን ብርጭቆዎቹን አብሬያት ሳጥብ ደፈር ብዬ ጠየቅኳት።

«ቲቸር፣ ይሄ ሁሉ የልጅ ዕቃ አይደለም እንዴ?»

አልተቀየመችም። በአማርኛዋ፣ ሲያቅታት በእንግሊዝኛ፣ ሲያቅታት ደግሞ በሥዕል አስረዳችኝ። በእሷ አገር ፖሊሶች የራሳቸው አሻንጉሊት አላቸው። ከተሞችም አላቸው። መንገድ ሲቆፈር አጥሩን ይዘው የሚቆሙት የፕላስቲክ ጦጣዎችና እንቁራሪቶች ናቸው፤ አላፊ አግዳሚው መንገድ ተዘጋብኝ ብሎ እንዳይናደድ። ፀጉሩ የሸበተ የቢሮ ኃላፊ ቁልፉ ላይ ድብ ቢያንጠለጥል የሚስቅበት የለም። «ሰው ትንሽ ነገር፣ ክብ ነገር፣ ደካማ ነገር ሲያይ ቁጣው ይወርዳል» አለችኝ፣ ወይም እንደዚያ ነው የተረዳኋት። ቃሉ «ካዋይ» ነው። «በአማርኛ ምንድን ነው?»

አሰብኩ። ቆንጆ ብላት አይሆንም፤ ቆንጆ ለትልቅ ሰውም ይሆናል። የጎረቤት ሕፃን አፏን ከፍታ ስታዛጋ ሴቶቹ የሚሉት ትዝ አለኝ።

«ስታሳዝን! ነው የምንለው። ወይ ደግሞ፣ ማለቴ፣ አንጀቴን በላችው።»

«አንጀት? ትበላለች?» ብላ ክው አለች። ሳስረዳት አሥር ደቂቃ ፈጀብኝ። ከዚያ ግን ወደ ፊተኛው ተመለሰች። «‹ያሳዝናል› ሰው ሲሞት አይደለም የሚባል?»

«ለሁለቱም ነው።»

እጇ ላይ ያለውን ብርጭቆ አስቀመጠች። የእነሱም እንደዚያው ነው አለችኝ፤ ካዋይ የሚለው ቃልና ምስኪን የሚለው ቃል ወንድማማች ናቸው። ደብተሯን አውጥታ ሁለት ክብ ፊት ሳለች። አንዱ እንባ አለው፤ ሁለተኛው ጉንጩ ቀልቷል። ከሁለቱም ሥር «ሲያሳዝን» ብላ በዚያ በተጣመመ ፊደሏ ጻፈች። በአማርኛ አፌን የፈታሁት እኔ እንኳ፣ ሁለት መሆናቸውን ያየሁት ያን ቀን ነው።

ሦስት ወር ሞላና ወደ ሐኪሙ ተመለስን። ደህናዋን ዓይን ሸፍነው ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ሰሌዳ ጠየቁት። ወንድሜ የመጀመሪያውን ትልቁን ፊደል ብቻ አይቶ ቆመ። ሐኪሙ ካርዱን አገላበጡ።

«ምንም ለውጥ የለም። በየቀኑ ታደርጉለታላችሁ?»

«በየቀኑ ዶክተር! አንድ ቀን ሳይጎድል! ይቺ ልጄ ምስክር ናት» አለች እናቴ።

ሁለቱም አዩኝ። ወንድሜ ጣቴን ጨበጥ አደረገ። እኔ ራሴን ነቀነቅኩ።

«እንግዲህ ከጠዋት እስከ ማታ ይሁን፤ ትምህርት ቤትም ሳይቀር» አሉ። «አራት ወር ሞክሩ። ብዙ ጊዜ የለንም።»

በታክሲው ውስጥ እናቴ በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየች፣ ለእኔ ሳይሆን ለራሷ፣ «ምን አጥፍቼ ይሆን?» አለች። ያንን ዓረፍተ ነገር ዛሬም ባልሰማሁት እላለሁ።

በማግስቱ በዕረፍት ሰዓት ቤተ ሙከራ ገብቼ በሩን ዘጋሁ። «ቲቸር፣ የወንድሜን ዓይን ያጠፋሁት እኔ ነኝ» ብዬ ማልቀስ ጀመርኩ። እስክጨርስ ሰማችኝ። አላባበለችኝም፣ አልተቆጣችኝምም።

«ወንድምሽ ስንት ዓመቷ ነው?»

«ስድስት ዓመት ከስምንት ወር።»

በጣቶቿ ቆጠረች። «ጊዜ አለ። ትንሽ። ግን አለ።» ከዚያ «ዛሬ ለእናት ንገሪ። ቅዳሜ እኔ እመጣለሁ» አለችኝ።

ለእናቴ ስነግራት ምስር እየለቀመች ነበር። ሁሉንም ነገርኳት፤ ድራማውን፣ አሥራ አንድ ተኩሉን፣ ራሴን መነቅነቄን። እጇ ሰፌዱ ላይ ቆመ። ቁንጥጫውን ስጠብቅ ጭኔ ተሸማቀቀ።

«ሦስት ወር ሙሉ?»

«ከመጀመሪያው ሁለት ሳምንት በቀር።»

ጎረቤት አንድ ሰው ሚስማር ይመታ ነበር፤ ስንት ጊዜ እንደመታ ልነግርሽ እችላለሁ። ከዚያ «ስለዚህ መድኃኒቱ አልተሞከረም ማለት ነው» አለች። ፊቷን ቀና ስታደርግ ንዴት አልነበረም፤ ሸክም እንዳወረደ ሰው ነበር የተነፈሰችው። «እኔ ደግሞ ልጄ ላይድን ነው ብዬ…» አልጨረሰችውም። ሰፌዱን ወደ እኔ ገፋ አደረገችው። «በይ ነይ፣ አብረሽኝ ልቀሚ።»

ቅዳሜ ጃፓኗ ቲቸር መጣች። በሩ ላይ ጫማዋን ስታወልቅ እናቴ «ኧረ ተይ በሞቴ! ወለሉ ይበርድሻል!» ብላ ልትሞት ነበር። ወንድሜ አልጋ ሥር ገብቷል። ቲቸር አልጠራችውም። ዱካ ላይ ተቀመጠች፣ ከቦርሳዋ ጎዝና ስስ ጨርቅ አወጣች፣ ጨርቁ ላይ የተኛች ጥንቸል ሳለችና ጎዙ ላይ ሰፍታ የራሷ ቀኝ ዓይን ላይ ለጠፈችው። ከዚያ በአንድ ዓይኗ ሻይዋን ልታማስል ስትሞክር ማንኪያው ከብርጭቆው ውጪ ወረደ። አልጋው ሥር ሳቅ ተሰማ። በሁለተኛው ሙከራ ወንድሜ ራሱን አወጣ።

«አንቺስ ምን ትፈልጊያለሽ?» አለችው።

«እኔ ወንድ ነኝ።»

«ይቅርታ። ወንድ፣ ምን ትፈልጊያለሽ?»

ወንድሜ ሊያስቸግራት ፈልጎ ይመስለኛል፣ በዓለም ላይ ከሁሉ የሚፈራውን ነገር ጠራ። ማታ ማታ ከቄራ በኩል ሲጮህ ስለሚሰማው ብርድ ልብስ ውስጥ የሚያስገባውን። «ጅብ» አላት።

ጅብ ስላ አታውቅም። መልኩን እኔን ጠየቀችኝ፤ አንገቱ ወፍራም፣ ኋላው ዝቅ ያለ፣ ነጠብጣብ ያለበት አልኳት። እየሳለች እኔንም ታስተምረኛለች፤ ነገ የምስለው እኔ ነኝና። ራሱን አተልቂው፣ ሰውነቱን አሳንሺው። ዓይኖቹን ወደ ታች አውርጂ፣ አራርቂያቸው። አፉን ትንሽ አድርጊው። በመጨረሻ በቀይ ቀለም ጉንጩን ነካ ነካ አደረገችው። ያ ሰፈሩን የሚያስለቅስ አውሬ የተኮረኮረ ሕፃን መሰለ። ለወንድሜ ደግሞ ደብተሯን አውጥታ ሁለቱን ፊቶች አሳየችው፤ ባለ እንባውንና ባለ ጉንጩን። «አንደኛ ሲያሳዝን፣ ሁለተኛ ሲያሳዝን» አለችው። ጅቡን ዓይኑ ላይ ለጥፈን መስታወት ሰጠነው። በዚያች በሰነፏ ዓይኑ፣ አፍንጫው መስታወቱን እስኪነካ ተጠግቶ፣ ብዙ አየው።

«አይናከስም?»

«ገና ጥርስ አላወጣም» አልኩት።

ሰኞ ጠዋት ሰልፍ ላይ ዩኒት ሊደሩ ዱላውን ይዞ በመስመሩ መሃል ሲያልፍ ወንድሜ ፊት ቆመ። እኔ ከስምንተኛ ክፍሎች ሰልፍ ሆኜ በእግር ጣቶቼ ቆሜ አየሁ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ጅብ ነው።»

«ጅብ እንደዚህ ነው እንዴ?»

«ሕፃን ነው» አለ ወንድሜ። «ገና ጥርስ አላወጣም።»

ያ ሰው ጎንበስ አለ፣ አየ፣ ቀና አለ፣ ከዚያ ደግሞ ጎንበስ አለ። ከዚያ ሳቀ፤ ያን ዕለት የፊት ጥርሱ ፍንጭት መሆኑን ትምህርት ቤቱ በሙሉ አወቀ። «ሂድ ግባ፣ አንተ ጅብ» አለው። በዕረፍት ሰዓት አንደኛ ክፍሎች ወንድሜን ከበው ጅቡን ለማየት ይሻሙ ነበር።

በየቀኑ አዲስ መሳል ነበረብኝ። ሽፋሽፍት ያለው የቄራ በሬ ሳልኩ። ጉንጭ ያላት ሰማያዊና ነጭ ሚኒባስ ሳልኩ። ጃንጥላ የያዘች ኤሊ፣ የሚያንቀላፋ ቃሪያ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ በወንድሜ ጥያቄ ዩኒት ሊደሩን። ስንመለስ የሰፈር ልጆች በራችን ላይ ይጠብቁናል። «ዛሬ ማን ነው?» ነው ጥያቄያቸው። «አንድ መብራት» የሚለው ስም መቼ እንደቀረ አላስታውስም፤ ማንም ሳያውጀው ቀረ። አንድ ቀን ሱቅ ስንወርድ እነዚያው ሴቶች «ውይ፣ ሲያሳዝን!» አሉ። ወንድሜ እጄን ሳብ አደረገኝና በሹክሹክታ «የትኛውን ነው ያሉት?» አለኝ። ቀና ብዬ አየኋቸው፤ ይስቃሉ። «ሁለተኛውን» አልኩት። ደረቱን ነፍቶ አለፈ።

ሁልጊዜ እንደዚያ ነበር ብልሽ ግን እዋሻለሁ። ጉንጩ በማጣበቂያው ቆስሎ የተነጫነጨበት ቀን ነበር። ዝናቡ ሲገባ ፕላስተሩ አልይዝ ብሎ እያለቀስን የለጠፍነው ጊዜ ነበር። አንድ ጊዜ ቀዶ ጣለውና እኔም በጥፊ መታሁት፤ ከዚያ ሁለታችንም አግዳሚዋ ላይ ተቃቅፈን አለቀስን። ድራማው እንዴት እንዳለቀ እስከ ዛሬ አላውቅም።

አራት ወር ሞላ። ሐኪሙ ደህናዋን ዓይን በመዳፋቸው ሸፈኑ። ሰሌዳው ላይ ያሉት ፊደሎች እግራቸው ወዴት እንደሚያመለክት በጣት ማሳየት ነው ሥራው። የመጀመሪያውን አሳየ። ሁለተኛው መስመር ላይ ትንሽ ቆይቶ አሳየ። ሦስተኛው። እናቴ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛለች። አራተኛው ላይ ጣቱ አየር ላይ ተንከራተተ፤ ወደ ግራ፣ ወደ ላይ፣ ከዚያ ወደ ታች ቀጥ አለ። ሐኪሙ እጃቸውን አነሱ።

«ዓይኗ ነቅታለች» አሉ። «ቀጥሉ፤ ግን ከእንግዲህ አትፍሩ።»

እናቴ አመሰግናለሁ እንኳ አላለችም። ኮሪደሩ ላይ ወጥታ አግዳሚ ላይ ቁጭ አለችና ጫማዋን አወለቀች፤ ሰው ሁሉ እያያት እግሯን ዘርግታ «እፎይ!» አለች። መንገድ ላይ ቆሞ የሚበላ ሰው የምትንቀው እናቴ ያን ቀን ሳምቡሳ ገዝታ እየሄደች በላች፤ ዘይቱ እስከ ክርኗ ወርዶ። ወንድሜ ሦስት በላ። የእኔንም ለእሱ ሰጠሁት፤ ያን ቀን የጠጣሁት ትንፋሽ ይበቃኝ ነበር።

ዛሬ ያ ልጅ ጢም አለው። ሲደክመው ግራ ዓይኑ ትንሽ ትሸሻለች እንጂ ሁለቱም ያያሉ። ካዛንቺስ የነበረው የቲቸር ግቢ ፈርሷል። ሰፊ መንገድ ሆኗል፤ ባለፈው በታክሲ ሳልፍ በሩ የቱ ጋ እንደነበር ልገምት ብዬ ሁለት ጊዜ ተሳሳትኩ። እሷም መጀመሪያ ሰሞን ትጽፍልን ነበር፤ ከዚያ እኛም አድራሻ ቀየርን፣ እሷም።

የሄደችው ወንድሜ ጎዙን ለመጨረሻ ጊዜ ካወለቀ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ነው። ሦስታችንም ካዛንቺስ ልንሸኛት ሄድን። ሻንጣዋ ታክሲው ላይ ተጭኗል። እናቴ መንገዱን ሁሉ የምትለውን ስታጠና ነበር የመጣችው፤ እዚያ ስትደርስ አንዱም አልወጣላትም። ስለዚህ ነጠላዋን አስተካክላ ጎንበስ ብላ እጅ ነሳች። ቲቸርም ጎንበስ አለች። እናቴ ቀና ስትል ቲቸር ገና አልተነሳችም፤ ነውር መስሏት እንደገና ጎነበሰች። ቲቸር ቀና ስትል ደግሞ እናቴ እንዳጎነበሰች አየችና መልሳ ወረደች። አንዷም ከሌላዋ ቀድማ ቀና ማለት አልቻለችም። ባለታክሲው አንገቱን በመስኮት አውጥቶ «እንዴ! በቃ እኔም ወርጄ እጅ ልንሳ?» ሲል ነው ሁለቱም በሳቅ የተቃቀፉት፤ ሳቁ መሃል ላይ ሌላ ነገር ሆነ።

መኪናዋ ተነሳች። ወንድሜ እስከ አስፋልቱ ጠርዝ ሮጠና ቆመ። ቀኝ ዓይኑን በመዳፉ ሸፍኖ በግራዋ ብቻ ወደ ታች፣ መኪናዋ ወደምትወርድበት ያይ ነበር።

«አሁንም ትታየኛለች» አለ።

አጠገቡ ሄጄ ትከሻውን ያዝኩት።

«አሁንም… አሁንም…»

ከዚያ እጁን ከዓይኑ ላይ አወረደ።